ከማያውቁት ሰው ጋር ስለ መጫወት

«ከማታውቀው ሰው ጋር አትጫወት፤ አትቀልድ፤ አሳብህንም አትግለጥ» የሚለው ምክር በዛሬው ጊዜ በየቤቱና በየአደባባዩ ይሰማል። ወላጅ ልጁን ወደ ሌላ አገር ሲሰድ ከስንቁ ጋር ይህን ይቋጥርለታል፤ ታላቅ ወንድም ለታናሹ ይህን ያወርሰዋል፤ አንዳንድ መካሪም ዝምታን ከምግባር ሁሉ በላይ አድርጎ ያመሰግናል። እኔ ግን ይህ ምክር ከፍርሃት እንጂ ከጥበብ አልተወለደም እላለሁ። ጉዳቱም ለአንድ ሰው ብቻ ሳይሆን ለከተማ ሁሉ የሚተርፍ ስለ ሆነ፥ ምንም እንኳ ብዙ የማከብራቸው ሰዎች የሚናገሩት ቢሆን፥ በግልጥ ልቃወመው ተነሥቻለሁ።

ለመጻፍ ያነሣሣኝ ነገር ይህ ነው። ባለፈው ወር፥ ቅዳሜ ጧት፥ ከአዳማ መናኸሪያ ወደ ሻሸመኔ ለመሄድ በአንድ አነስተኛ አውቶቡስ ተሳፈርሁ። ረዳቱ በሩን ይዞ «ሻሸመኔ፥ አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ይጣራል። እኔ ስገባ አንድ ሰው ቀርቶት ነበር፤ ከእኔ በኋላ 5 ሰዎች ገቡ፥ አሁንም አንድ ሰው ቀርቶታል፤ የኋላው ወንበር ግን ገና ባዶውን ነው። በዚህ ጊዜ ከአጠገቤ የተቀመጠ አንድ ወጣት «ወንድሜ፥ የዚያን የቀረውን ሰው ስሙን ንገረንና ቤቱ ድረስ ሄደን እንጥራው፤ ታሞ እንዳይሆን» አለው። ሰው ሁሉ ሳቀ። ረዳቱም ሳይቈጣ «ታሞስ አልታመመም፤ ዋጋው ተወደደብኝ ብሎ በእግሩ ተነሥቷል፤ ሞጆ ላይ እንደርስበታለን» ሲል መለሰለት።

ከዚህ በኋላ የማይተዋወቀው ተሳፋሪ ሁሉ እንደ አንድ ቤት ሰው ሆነ። ከዋጋው ወደ ነዳጁ፥ ከነዳጁ ወደ ሽንኩርቱ ነገሩ ተሻገረ። ከመቂ ሽንኩርት እያመጣች አዳማ የምትሸጥ አንዲት ሴት «ገበሬው ረከሰብኝ ይላል፤ የከተማው ሰው ተወደደብኝ ይላል፤ ታዲያ መካከሉን ማን በላው?» ብላ ጠየቀች። አንዱ «ደላላው ነዋ!» አለ። ከኋላ የተቀመጠ ሰው እጁን አውጥቶ «ደላላው እኔ ነኝ፤ አቤት» አለ። እንደ ገና ሳቅ ሆነ። ሰውየውም የሚበሰብሰውን፥ ለመኪና የሚከፍለውን፥ ሳይሸጥ የሚመለሰውን እየቈጠረ ነገሩን አስረዳ፤ ሴቲቱም ግማሹን አመነችለት፥ ግማሹን ግን በፊቱ «ይህንስ ዋሽተሃል» አለችው። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሽንኩርት የበላሁ ሰው ስሆን፥ ሽንኩርት ከመቂ እስከ ወጥ ቤቴ እንዴት እንደሚደርስ የተማርሁት በዚያች ግማሽ ሰዓት ነው።

ቆቃን እንዳለፍን፥ ከሹፌሩ በስተኋላ የተቀመጡ፥ ኮት የለበሱ፥ መልካቸው የሚያስከብር አንድ ሽማግሌ ዘወር ብለው «ልጆቼ፥ ዝም ብትሉ ይሻላችኋል። ማን ከማን ጋር እንደ ተቀመጠ አይታወቅም፤ ዘመኑ ክፉ ነው» አሉ። ክፉ ለማለት እንዳልሆነ ከድምፃቸው ይታወቅ ነበር። ነገር ግን መኪናው በአንድ ጊዜ እንደ መቃብር ጸጥ አለ። ሴቲቱ ነጠላዋን ተከናነበች፤ ደላላው ዐይኑን ጨፈነ፤ ያ ወጣትም ስልኩን አወጣ። እኔም ዝም አልሁ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ከሁሉ በፊት ስለዚህ ዝምታዬ ነው።

በሰው ጽሕፈት ላይ ዐይንን ማሳረፍ ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ነገር ግን ወንበሩ ጠባብ ነው። ወጣቱ በስልኩ ውስጥ፥ ከማያውቃቸው ሺህ ሰዎች ጋር፥ የራሱ ባልሆነ ስምና በአንበሳ ሥዕል ተሸፍኖ ይጫወት ነበር። ያን ጊዜ የሚጽፈው እንደ ጧቱ ያለ ቀልድ አልነበረም። በአንድ ወገን ሕዝብ አነጋገርና ዘር ላይ ያላግጥ ነበር፤ የዚያም ወገን ሰዎች ቢያንስ 2ቱ ከፊታችን ተቀምጠው ነበር። በአፉ ሲናገር አንዲት ክፉ ቃል ያልወጣችው ልጅ፥ ፊቱን ሲሸፍን ሌላ ሰው ሆነ። እንግዲህ እኒያ አባት ምን አተረፉልን? ቀልዱን ከመኪናው አስወጡት፤ ቀልዱ ግን አልሞተም፤ መልስ ወደማያገኝበት ቦታ ሄዶ ተቀመጠ።

የዝምታ ወዳጆች ከሁሉ አስቀድመው የሚናገሩት «የአባቶቻችን ልማድ ነው» የሚለውን ነው። ይህ እውነት አይደለም። በአባቶቻችን ዘመን 2 ተሟጋቾች በመንገድ ቢጣሉ፥ የሚያልፈውን የማያውቁትን ሰው በንጉሥ ስም አስቁመው «ፍረደን» ይሉት ነበር። እርሱም ቸኵያለሁ ብሎ ማለፍ አይችልም፤ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሁለቱን ይሰማ ነበር። ከዚያ የቆመ መንገደኛ ሁሉ አሳቡን ይሰጣል። በትልቁም ችሎት ቢሆን አስተያየት የሚጀመረው ከትንሹ ሰው ነበር፤ ይኸውም ትንሹ ትልቁን ፈርቶ ቃሉን እንዳይለውጥ ነው። የሙግቱም አነጋገር በበላ ልበልሃ ሲሆን፥ ግጥምና ቀልድ ያልቻለ ሰው ጠበቃ ሊሆን አይችልም ነበር፤ ተሰብሳቢው የሳቀለት ተሟጋች ግማሽ መንገድ እንደ ሄደ ይቈጠር ነበር። እንግዲህ ከማያውቁት ሰው ጋር አሳብን መለዋወጥና መቀለድ ነውር ከሆነ፥ የአገራችን ፍርድ ቤት በነውር ላይ ቆሞ ኖሯል ማለት ነው።

ከአዳማ ወደ ምሥራቅ፥ መተሐራን አልፎ ወደ አዋሽ የሚወርድ ሰው ከዚህ የበለጠ ምስክር ያገኛል። በአፋር አገር ዳጉ የሚባል ሥርዓት አለ። 2 መንገደኞች፥ ምንም የማይተዋወቁ ቢሆኑ፥ በበረሃ ሲገናኙ እንዲሁ አይተላለፉም፤ ዱላቸውን አኑረው ይቀመጣሉ፥ ከየት እንደ መጡ፥ ዝናብ የት እንደ ዘነበ፥ ሣር የት እንዳለ፥ ማን እንደ ታመመ፥ የት ጠብ እንደ ተነሣ ይነጋገራሉ። የሰማው ለሚቀጥለው ያደርሳል፤ ስለዚህ ወሬው ከማንኛውም ፈረስ ፈጥኖ አገሩን ያዳርሳል። ነገር ግን አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምለምነው የሥርዓቱን ዋና ነገር ነው። ዳጉ የሚነግር ሰው ያየውን ካየሁት፥ የሰማውን ከእገሌ ሰማሁት ብሎ ለይቶ መናገር አለበት፤ ሐሰተኛ ዳጉ የነገረም በጎሣው ሕግ ይጠየቃል። ፊደል ያልቈጠረው እረኛ ባለቤት የሌለው ወሬ ከመርዝ እንደማይለይ ያውቃል፤ እኛ ፊደል የቈጠርነው ግን በቀን መቶ ጊዜ ባለቤት የሌለው ወሬ ተቀብለን መቶ ጊዜ እናስተላልፋለን።

አዳማም ራሷ የተሠራችው በዚህ ዐይነት ጨዋታ ነው ብል አልሳሳትም። አገሩ የኦሮሞ አገር ነው፤ ስሙም አዳሚ ከሚባለው ቍልቋል የመጣ ነው ይባላል። የባቡሩ ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፥ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ፥ በመካከሉ ያለችው ይህች ስፍራ ጣቢያ ሆነች፤ ከ4ቱም ማዕዘን የመጣ ሰው ይቀመጥባት ጀመር። በመጀመሪያው ጊዜ ባቡሩ የሚሄደው በቀን ብቻ ስለ ነበር፥ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ለመድረስ 3 ቀን ይፈጅ ነበር፤ መንገደኛው አንዱን ሌሊት በድሬዳዋ፥ አንዱን በአዋሽ ያድር ነበር። 3 ቀን ሙሉ በእንጨት ወንበር ላይ ጉልበት ለጉልበት ተነካክቶ የሚሄድ ሰው፥ የሐረር ነጋዴና የሸዋ ወታደር፥ የጕራጌ ሠራተኛና የግሪክ ባለሱቅ፥ ዝም ብሎ ሊሄድ አይችልም። አያቴ በዚያ ባቡር የሚመላለሱ ነበሩ፤ ኦሮምኛን የለመድሁት በሦስተኛው ማዕረግ ነው፥ መምህሮቼም ስማቸውን የማላውቃቸው ሰዎች ናቸው ይሉ ነበር። በ1946 ዓ.ም. የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ሲጀምር ደግሞ ከከምባታ፥ ከሐዲያ፥ ከወላይታ፥ ከሌላውም አገር ሠራተኛ መጣ፤ በደመወዝ ቀን አመሻሹ ላይ በጠጅ ቤት የሚሰማው ቀልድ በስንት ቋንቋ እንደ ነበር የሚያስታውሱ ሽማግሎች ዛሬም አሉ። አሮጌው ባቡር አሁን ዝም ብሏል። በ2010 ዓ.ም. መንገደኛ ማመላለስ የጀመረው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ፈጣን ነው፤ የፍጥነቱ መንገድም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2014 ከተከፈተ ወዲህ ከአዲስ አበባ አዳማ ለመድረስ አንድ ቀልድ ጀምሮ ለመጨረስ የሚበቃ ጊዜ ብቻ ቀርቷል። ይህን በመንቀፍ አልናገርም፤ እኔም በፍጥነት መድረስ እወዳለሁ።

ታዲያ የዝምታው ልማድ ከየት መጣ? ይህን በሚገባ መመርመር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ጠላት ያወረሰንን ነገር የአባት ርስት ነው ብለን ከያዝነው ጥፋቱ እጥፍ ነው። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለና ሕዝቡ በአዲስ አበባ ከተፈጀ በኋላ፥ ግራዚያኒ በሚቀጥለው ወር ከአገር አገር የሚዞሩ አዝማሪዎችና ጠንቋዮች እየተያዙ እንዲገደሉ አዘዘ። ጠመንጃ ስለ ያዙ አልነበረም። በገበያ ቆመው ለማያውቁት ሕዝብ የሚናገሩት ቃል፥ የጣልያን መንግሥት አይጸናም የሚለው አሽሙራቸው፥ ከጠመንጃ ይልቅ ስላስፈራው ነው። መሰንቆ ይዞ በየገበያው የሚያስቅ ሰው በጥይት የተገደለበት አገር ልጆች ነን። ዛሬ «ከማታውቀው ሰው ጋር አትቀልድ» ስንል ያን ትእዛዝ ሳናውቀው እንደግመዋለን።

በደርግ ዘመን ደግሞ ይህ ፍርሃት በየቤቱ ገባ። ሰላዩን ጆሮ ጠቢ እንለው ነበር፤ ግድግዳም ጆሮ አለው ይባል ነበር። እኔ ልጅ ሆኜ አባቴ ማታ የጀርመንን ሬዲዮ ሲሰማ ጆሮውን ከሣጥኑ ጋር አጣብቆ ነበር፤ በሩ ሲንኳኳ መጀመሪያ ሬዲዮው ይጠፋል፥ ከዚያ «ማነው?» ይባላል። ከቤታችን የመጣ እንግዳ ሁሉ፥ ዘመድ ቢሆንም፥ ስለ ዝናቡና ስለ ጤና ብቻ ይነገረው ነበር። ያን ጊዜ ዝም ማለት ጥበብ ነበር፤ የዘመኑን ሰዎች አልነቅፍም፤ ዝም ባይሉ ኖሮ ብዙዎቻችን አባት አልባ በቀረን ነበር። ነገር ግን ቍስል ሲድን ጠባሳውን «ይህ ውበቴ ነው» ብሎ ማሳየት አይገባም። ያ መንግሥት በ1983 ዓ.ም. ወደቀ፤ እኛ ግን ሬዲዮውን ማጥፋት አልተውንም።

እኒያ የመኪናው ሽማግሌ በዕድሜ ከአባቴ ጋር የሚስተካከሉ ናቸው። ምናልባት በዚያ ዘመን አንድ ቀልድ ያስከፈላቸው ነገር ይኖራል። ይህን ሳስብ ንዴቴ ይቀዘቅዛል፤ አሳቤ ግን አይለወጥም።

ከካህናትም ወገን የሚቃወሙን አሉ። ሐዋርያው ለኤፌሶን ሰዎች ሲጽፍ ዋዛን ከማይገቡ ነገሮች ጋር መቍጠሩን ያስታውሱናል። እውነት ነው፤ ቈጥሮታል። ነገር ግን እዚያ ዋዛውን ያቈራኘው ከሚያሳፍር ነገር ጋር መሆኑን መዘንጋት አይገባም። ያው ሐዋርያ ለቈላስይስ ሰዎች ሲጽፍ፥ በውጭ ካሉት ሰዎች ጋር፥ ይኸውም ከማናውቃቸው ጋር፥ እንዴት እንደምንኖር ሲመክር፥ ዝም በሉ አላለም፤ ንግግራችን ጨው ያለው እንዲሆንና ለእያንዳንዱ ሰው የሚገባውን መልስ እንድናውቅ ነው የመከረው። ጨው የሌለው ንግግር ለሚወዱ ወንድሞች ይህን ቦታ ደጋግመው እንዲመለከቱት እለምናቸዋለሁ። ወደ ኤማሁስ የሚሄዱትስ 2ቱ ሰዎች? በመንገድ የተቀላቀላቸውን እንግዳ የዛሬውን ምክር ይዘው «ስለ ምን ትጠይቀናለህ፥ አናውቅህም» ብለው ዝም ብለውት ቢሆን ኖሮ፥ ያ እንግዳ ማን እንደ ሆነ ሳያውቁ መንገዱ ባለቀ ነበር።

የአለቃ ገብረ ሐናንም ነገር ሳላነሣ አላልፍም። እኒህ የጎንደር ሰው ብርቱ ሊቅ ነበሩ፤ በልጃቸው በተክሌ ስም የሚጠራው አቋቋም ዛሬም በየደብሩ ይዘመማል። ሆኖም ሕዝቡ ከሊቅነታቸው ይልቅ በቀልዳቸው ያውቃቸዋል። በመንገድ ላገኙት ባላገር፥ ውሃ ቀድታ ለምትመለስ ሴት፥ ለባለሟልም ለንጉሥም በፊት ለፊት ይቀልዱ ነበር፤ ብዙ ጊዜም ባላገሯ መልሳ ታሸንፋቸዋለች፥ ያንንም ሕዝቡ ከእርሳቸው ቀልድ ጋር አያይዞ ይተርከዋል። ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ይህ ነው። በአለቃ ስም ከሚነገረው ቀልድ ብዙው እርሳቸው ያልተናገሩት ነው፤ ከእርሳቸው በፊትም ከእርሳቸው በኋላም የተፈጠረው ሁሉ ተለጥፎባቸዋል። ይህ ለምን ሆነ? ሕዝባችን ባለቤት የሌለውን ቀልድ ስለማይወድ ነው። አባቱ ያልታወቀውን ቀልድ ሁሉ ወስዶ አባት አደረገለት። በዚህ ሥራው የሕዝቡ ልብ ከብዙ ሕግ አዋቂ ይልቅ የቀልድን ሕግ ያውቃል እላለሁ።

አሁን ወደ ብርቱው ተቃውሞ ልድረስ። «አንተ ስለ ቀልድ ትናገራለህ፤ በዚህ ዘመን ግን በማይታወቅ ሰው ቃል ሰው ይሞታል» የሚሉኝ ሰዎች አሉ። ይህን ተቃውሞ በቀልድ አልመልሰውም። በሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ሃጫሉ ሁንዴሳ በአዲስ አበባ ከተገደለ በኋላ በሻሸመኔ፥ በባቱና በሌሎችም ከተሞቻችን ሰዎች ሞቱ፥ ቤትና ሱቅ ነደደ። ጐረቤት ጐረቤቱን ያየበትን ዐይን ያን ጊዜ የነበረ ሰው አይረሳውም። በባሕር ዳርም ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ያስተምሩ የነበሩት ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ስማቸውና ፎቶግራፋቸው ከሐሰት ክስ ጋር በፌስቡክ ከተበተነ በኋላ በጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. በቤታቸው ደጅ ተገደሉ፤ ልጃቸውና ሌሎች ሰዎች የፌስቡክን ባለቤት ኩባንያ በናይሮቢ ከሰሱ፤ የኬንያም ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን አለኝ ሲል በ2017 ዓ.ም. ወሰነ። በእነዚህ ሙታን ፊት ቆሞ «ዝም ብላችሁ ቀልዱ» የሚል ሰው አእምሮ የለውም።

ነገር ግን እጠይቃለሁ፤ ፕሮፌሰሩን የከሰሳቸው ማን ነው? ስሙ ምንድን ነው? ከየትኛው ወንበር ላይ ተቀምጦ ተናገረ? እንደ መቂው ደላላ እጃቸውን አውጥተው «አቤት፥ እኔ ነኝ፤ ነገሩ እንዲህ ነው» እንዲሉ ማን ቦታ ሰጣቸው? ያ ነገር ጨዋታ ወይም አሳብ መግለጥ አልነበረም፤ በጨለማ ከተወረወረ ድንጋይ አይለይም። የዝምታ ወዳጆች ስሕተት እዚህ ላይ ነው። በብርሃን ፊት ለፊት የሚነጋገረውንና በጨለማ ድንጋይ የሚወረውረውን በአንድ ስም «ከማይታወቅ ሰው ጋር መነጋገር» ብለው ይጠሩታል፤ ከዚያም የፊተኛውን ይከለክላሉ፤ ኋለኛውን ሊከለክሉት አይችሉምና ይተዉታል። ውጤቱ ደግና ፊት ያለው ሰው ዝም ሲል፥ ፊት የሌለው ብቻ ሲናገር ነው።

መንግሥት በ2012 ዓ.ም. የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል አዋጅ ቍጥር 1185/2012ን አወጣ፤ ከ5,000 በላይ ተከታይ ያለው ሰው ሲያጠፋ ቅጣቱ እንዲከብድም አደረገ። ሕግ መኖሩን አልቃወምም። ሆኖም ሕግ የሚመጣው ደም ከፈሰሰ በኋላ ነው፤ ደግሞም ቀልድን ከስድብ የሚለይበት ሚዛን በባለሥልጣን እጅ ሲሆን ምን ያህል እንደሚያጋድል አዝማሪዎቹን የገደለው ሰው አሳይቶናል።

ያ ክፉ ሰኔ ያስተማረኝን አንድ ነገር ልጨምር። ያን ጊዜ ኢንተርኔቱ ለ3 ሳምንት ያህል ተዘግቶ ነበር። በሰፈራችን ሰው ሁሉ ከደጁ ወጥቶ ቆመ። ከሻሸመኔ ወይም ከባቱ የመጣ መንገደኛ ሲያልፍ፥ ማንነቱን ሳናውቅ ከብበን «በዐይንህ ያየኸውን ብቻ ንገረን» እንለው ነበር። አንዱ ሹፌር ብዙ ከተናገረ በኋላ «ይህንን ግን አላየሁም፥ ሲሉ ሰማሁ» ብሎ ራሱን አረመ። በዚያ ዳር ቆመው የነበሩ አንዲት እናት «ተባረክ ልጄ» አሉት። ዳጉን የማያውቅ ሰፈር ዳጉን ሠራ። የሰማነው ነገር የሚያስለቅስ ነበር፤ ነገር ግን የነገረን ሰው ፊት ለፊታችን ነበረና፥ ከእኛ አንድ ሰው ስንኳ በቍጣ ዱላ አላነሣም።

እንግዲህ የቀልድ ወሰን ምንድን ነው የሚለኝ አንባቢ ቢኖር፥ የእኔ መልስ አጭር ነው፤ የሚቀለድበት ሰው መልሶ ሊቀልድ በሚችልበት ቦታ መቀለድ ይገባል። በአዳማ በአንድ ጠባብ የሻይ ቤት የሚሠራ ሰው አለ፤ እንግዳ መጥቶ «ናዝሬት ደስ ትላለች» ቢለው «አዳማን አላየሃትምና ነው» ይለዋል፤ «አዳማ ደስ ትላለች» ቢለውም «ናዝሬትን አላየሃትምና ነው» ይላል። ከተማዋ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ናዝሬት ተብላ፥ ከ1992 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ደግሞ ወደ አዳማ ስሟ በመመለሷ፥ በስሙ ምክንያት ስንት ጠብ እንደ ተነሣ የምናውቅ ሰዎች በዚህ ቀልድ ሻያችንን እያፈሰስን ስቀናል። ያው ቃል ስም በሌለው ሰው እጅ፥ ፊት በሌለበት ጉባኤ ውስጥ ቢጻፍ፥ ከመቶ ሰው በላይ ይሳደብበት ነበር። ልዩነቱ የሻዩ ሰው እዚያው መሆኑ ነው፤ የተከፋ ሰው ቢኖር ብርጭቆውን አኑሮ «ይህ ቀልድህ አልጣመኝም» ሊለው ይችላል። አንድ ጊዜ አንድ ሰው ብሎታል፤ እርሱም ይቅርታ ጠይቆ ሻዩን በነጻ ሰጠው፤ በማግሥቱ ያው ሰው ተመልሶ መጣ።

በስልክ መጫወትን ጨርሼ እነቅፋለሁ ማለት አይደለም። በዐረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ እኅታችን በሌሊት ከማታውቀው ከአገሯ ሰው ጋር ስትቀልድ ብቸኝነቷን ትረሳለች፤ ይህን የሚከለክል ልብ ድንጋይ ነው። የምለው፥ እዚያም ቢሆን ሰው በስሙ ይናገር፤ በመኪናው ውስጥ በሰዎቹ ፊት ሊናገረው የማይደፍረውን በአንበሳ ሥዕል ተከልሎ አይጻፈው፤ የደረሰውንም ነገር ከማስተላለፉ በፊት እንደ አፋሩ እረኛ «አየኸው ወይስ ሰማኸው? ከማን?» ብሎ ይጠይቅ። ይህን ለልጆቻችን ማስተማር ያለብን እኛ ነን፤ ልናስተምር የምንችለውም በፊታቸው ከማናውቀው ሰው ጋር በመልካም ስንጫወት ካዩን ነው። በመኪና ውስጥ አፉን የተዘጋ ልጅ ጨዋታን ከማን ሊማር ነው? ዘመድ ያፍርሃል፥ ወዳጅ ያዝንልሃል፥ አለቃ ይፈራሃል ወይም ያስፈራሃል፤ አሳብህ ስሕተት መሆኑን ያለ ጥቅምና ያለ ጥላቻ የሚነግርህ፥ ሞጆ ላይ ወርዶ ዳግመኛ የማታየው ሰው ነው።

እኒያን ሽማግሌ ስማቸውን አላውቅም፤ ብናገረውም አልጽፈውም። ጋዜጣ የሚያነቡ ሰው ይመስላሉና ይህ ቃል ምናልባት ይደርሳቸው ይሆናል። እኔ በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ጧት ከአዳማ መናኸሪያ ወደ ሻሸመኔ እሄዳለሁ። የምቀመጠው ከኋላ ነው። አባቴ፥ የጻፍሁት ካልጣመዎት እዚያው መጥተው በሰው ሁሉ ፊት ይገሥጹኝ፤ ያ የቀረው አንድ ሰው እስኪመጣ ድረስ ብዙ ጊዜ አለን።